ከአጥር ሥር የተገኘ ሀብት፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እና እንዶድ

ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊንና ዱርቤቴን አልፎ ወደ ዳንግላ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው የጎጃም ገጠር ለእንዶድ እንግዳ አይደለም። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ ቀበሌዎች በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ እየተጠላለፈ የሚያድግ ተክል ነው። ሳሙና በየገበያው እንደልብ ባልነበረበት ዘመን እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው፣ በውሃ ዘፍዝፈው በሚሰጠው አረፋ ጋቢና ነጠላ ያጥቡበት ነበር። በአፋን ኦሮሞ ሀንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ የሚባለው ይኸው ተክል በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ለዘመናት ያገለገለው በልብስ ማጠቢያነት ነው።

ይህ ሁሉም የሚያውቀው ተክል ሚሊዮኖችን ከሚያሰቃይ በሽታ ጋር ለሚደረገው ትግል መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ለዓለም ያሳወቁት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሥራቸው ከሕዝብ የዕለት ተዕለት ልማድ ተነስቶ ወደ ቤተ ሙከራ የገባ፣ ከቤተ ሙከራም ወደ ሕዝብ የተመለሰ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው በአገር ውስጥ የተገኘ እውቀት በዓለም ፊት ተቀባይነት ለማግኘት ምን ያህል ረጅም መንገድ መጓዝ እንዳለበት የሚያሳይ በመሆኑ፣ ከአረፉ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም ትምህርትነቱ አልቀነሰም።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተጉዘዋል። ከዚያም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥገኛ ተሕዋስያን በሚያመጧቸው በሽታዎች ላይ አተኩረው እ.ኤ.አ. በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በወቅቱ እንደ እርሳቸው የተማረ ባለሙያ በውጭ አገር በቀላሉ ሥራ ሊያገኝ ይችል እንደነበር ቢታወቅም፣ እርሳቸው የመረጡት በአገር ውስጥ በሽታው ካለበት ቦታ መሥራትን ነበር።

ትኩረታቸውን የሳበው በሽታ ቢልሃርዝያ ነው። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው በሰው የደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ሲሆን፣ የትሉ እንቁላል በሰገራ ወይም በሽንት አማካይነት ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይገባል። እንቁላሉ በውሃ ውስጥ ሲፈለፈል የሚወጣው እጭ በሕይወት ለመቀጠል የግድ ወደ ቀንድ አውጣ አካል መግባት አለበት። በቀንድ አውጣው ውስጥ በብዛት ከተራባ በኋላ ተመልሶ ወደ ውሃው ይለቀቃል። በዚያ ውሃ የሚታጠብ፣ የሚዋኝ፣ ከብት የሚያጠጣ ወይም መስኖ የሚያለማ ሰው ቁስል ሳይኖረው እንኳን እጩ በቆዳው በኩል ሰርጎ ይገባበታል።

በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዝያ ሲሆን፣ በአዋሽ ሸለቆና በምዕራብ ጠረፍ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት ይገኛል። የጣና ሐይቅ ዳርቻና ወደ ሐይቁ የሚፈስሱ ወንዞች አካባቢ የአንጀት ቢልሃርዝያ ለረጅም ጊዜ ከሚታወቅባቸው ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በሽታው የሆድ ሕመምና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስከትላል። ሳይታከም ሲቆይ ጉበትን ያሳብጣል፣ በሆድ ውስጥ ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋል፤ ሕፃናትን ደግሞ ለደም ማነስ ዳርጎ ከዕድገታቸውና ከትምህርታቸው ያስቀራል። በዓለም ዙሪያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ አብዛኞቹም አፍሪካውያን ናቸው።

የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ የሚቻልበት አንዱ መንገድ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። ዶክተር አክሊሉም ወደ አገራቸው በተመለሱበት በ1964 በአድዋ ከተማ በበሽታው ላይ ጥናት ሲያካሂዱ የወንዞቹን ቀንድ አውጣዎች ይመረምሩ ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ሥፍራ ሁሉ በዝተው ይታዩ ነበር።

ወጣቱ ተመራማሪ ያዩትን በአጋጣሚ ብቻ አልተዉትም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ፣ ልብስ ከምታጥብ አንዲት ሴት የእንዶድ አረፋ ተቀብለው ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያውኑ ተሸማቀው ደም በማፍሰስ ሞቱ። ከዚህ በኋላ በቤተ ሙከራ የተከናወነው ተደጋጋሚ ሙከራም ውጤቱን አረጋገጠ። የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ልብስ አጣቢዎቹ ለዘመናት ያደርጉት የነበረው ተግባር ሳያውቁት ወንዙን ከበሽታው አስተላላፊ ያጸዳ እንደነበር በዚህ መልኩ በሳይንስ ቋንቋ ተመዘገበ።

በ1966 ዶክተር አክሊሉ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው በኃላፊነት መሩ። የኢንስቲትዩቱ ዓላማ በኢትዮጵያ የሚገኙ በሽታዎችን በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ማጥናት ነበር። ጥናቱም በቢልሃርዝያ ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በደጋማው አካባቢ ቁንጭር በመባል በሚታወቀው የቆዳ ሌሽማንያሲስ ላይ ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ምርመራ በ1969 ታትሟል።

ሆኖም ዋናው ፈተና በብርጭቆ ውስጥ የታየው ውጤት በከተማ ሕዝብ ላይ ይሠራ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። በዚህም መሠረት ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በነበረባት በአድዋ ከተማ የቁጥጥር ፕሮግራም ተካሄደ። በአካባቢው የተሰበሰበ የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ ቀንድ አውጣ በሚገኝባቸው ወንዞች ላይ በየጊዜው ተጨመረ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከነዋሪው 63 በመቶ የነበረው የበሽታው ሥርጭት በመጨረሻው ላይ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። በተለይ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት መካከል 50 በመቶ የነበረው ወደ 7 በመቶ ወረደ።

የሕፃናቱ ቁጥር ልዩ ትርጉም አለው። አዋቂዎች ከፕሮግራሙ በፊት የያዛቸው ትል በሰውነታቸው ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል የእነርሱ ቁጥር ቶሎ አይቀንስም። ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ሕፃናት ግን በሽታው ከያዛቸው የያዛቸው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። የእነርሱ ቁጥር ይህን ያህል መውረዱ ወንዙ አዲስ በሽታ ማስተላለፉን በእጅጉ መቀነሱን የሚያመለክት ነው።

በዚያው ዘመን የተክሉ ምስጢር በኬሚስትሪ ተመረመረ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተካሄደው ጥናት ቀንድ አውጣ ገዳይ የሆነውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ንጥረ ነገሩም ለተመራማሪው መታሰቢያ ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ለማቶክሲን ሳፖኒን ከሚባሉት፣ ከውሃ ጋር ሲቀላቀሉ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚሰጡ የዕፅዋት ውሁዶች ወገን ነው። አረፋውና ገዳይነቱ ከአንድ ምንጭ የሚመነጩ በመሆናቸው ልብስ የሚያጸዳው ኃይልና ቀንድ አውጣ የሚገድለው ኃይል አይነጣጠሉም።

ከጥናቶቹ የተገኘ ሌላ ቁም ነገር የአዘገጃጀቱ ሁኔታ ነው። ውሁዱ ባልተፈጨ ፍሬ ውስጥ በአብዛኛው ኃይል በሌለው መልክ ተቀምጦ ይገኛል። ፍሬው ሲወቀጥና በውሃ ሲዘፈዘፍ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም የውሁዱን አንድ ክፍል ቆርጦ በመጣል ወደ ገዳይ መልኩ ይለውጠዋል። ፍሬው አስቀድሞ ከተቀቀለ ወይም በአልኮል ከተዘፈዘፈ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ስለሚጠፋ የሚፈለገው ኃይል አይገኝም። እናቶች ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዝፉበት ልማድ ኬሚስቶቹ በመጨረሻ የደረሱበትን ትክክለኛ ዘዴ የተከተለ ሆኖ ተገኝቷል።

ለምርት የሚመረጠው ፍሬ አድጎ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ነው። ይህም ፍሬ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። በ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ግራም የሚሆን ዱቄት ቀንድ አውጣዎችን በ24 ሰዓት ውስጥ ለመግደል ይበቃል። ኃይሉ በውሃ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚጠፋ በመሆኑ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ አይቆይም። በአንጻሩ የቀንድ አውጣን እንቁላል ስለማይገድል አጨማመሩን በየጊዜው መድገም ያስፈልጋል።

ሁሉም እንዶድ እኩል ኃይል የለውም። ስለሆነም በኢንስቲትዩቱ የዶክተር አክሊሉ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አወዳደሩ። በምርታማነቱና በገዳይነት ኃይሉ የተመረጠው 44ኛው ዓይነት ሲሆን፣ በተመራማሪዎች ዘንድ እንዶድ 44 ተብሎ ይጠራል። እንዶድ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ግንድ የሚገኝ ተክል በመሆኑ፣ በዘር ሲተከል የተመረጠው ጠባይ ሳይቀየር መተላለፉ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ የተመረጠው ዓይነት የሚባዛው በቁርጥራጭ ግንድ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭም በዚምባብዌና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመትከልና የመፈተሽ ሥራዎች ተካሂደዋል።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ቢቀርብም በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ማግኘት ቀላል አልሆነም። በወቅቱ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት የሚመከረው በፋብሪካ የሚመረተው ኒክሎሳማይድ ነበር። ዋጋው ለድሃ አገሮች ከባድ ከመሆኑም በላይ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እንዶድን በሚመለከት ግን በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት የተሟላ የመርዛማነት ምርመራ አልተደረገለትም የሚል ጥያቄ ይነሳ ነበር። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ቢሆንም፣ ምርመራውን ለማካሄድ የሚጠይቀው ገንዘብና መሣሪያ በአገር ውስጥ አልነበረም። ገንዘቡና መሣሪያው ያላቸው ወገኖችም ለዓመታት ወደ ሥራው አልቀረቡም። ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ተነስተው የአፍሪካ ምርምር ችግር የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘን ውጤት አምኖ ለመቀበል ያለው ዳተኝነት ጭምር መሆኑን በተለያዩ መድረኮች አስረድተዋል።

ምርመራው በመጨረሻ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተካሂዶ ውጤቱ በ1991 ታተመ። እንዶድ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት በሚያስፈልገው መጠን በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ላይ የሚያስከትለው አደጋ ዝቅተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ሆኖም ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ የሚለበልብ፣ በውሃ ውስጥም ዓሦችን የሚጎዳ ነው። በዚህም ምክንያት የሚጨምሩት ሠራተኞች ዓይናቸውን መሸፈን፣ ዓሣ በሚመረትባቸው ቦታዎችም ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባ ተመልክቷል።

እዚህ ላይ በኅብረተሰቡ ዘንድ በተለምዶ የሚታይ አንድ አደጋ መጥቀስ ያሻል። እንዶድ ለኮሶ፣ ለእብድ ውሻ በሽታና ፅንስ ለማስወረድ ተብሎ በአፍ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ተክሉ በአፍ ሲወሰድ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ከመሆኑም በላይ መጠኑ ሲበዛ ለሞት ያደርሳል። የዶክተር አክሊሉ ግኝት ተክሉን ለወንዝ እንጂ ለሆድ መድኃኒትነት አላቀረበም። ልዩነቱን ለኅብረተሰቡ ማስረዳት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የቀበሌ አስተዳደሮች ሥራ ነው።

በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውንና አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ በአንድ በኩል ለሁለቱ ሳይንቲስቶች፣ በሌላ በኩልም ድሃው ሕዝብ በራሱ ሊያመርተውና ሊጠቀምበት ለሚችል ዘዴ የተሰጠ እውቅና ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ክስተት ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቱቦዎች እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ ጀመር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 የክብር ዶክትሬት ለመቀበል ወደ ኦሃዮ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ባመሩበት ጊዜ እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞክሮ ገዳይነቱ ታየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፓተንት መብት ተሰጠበት። ዶክተር አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ቢመዘገቡም የመብቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ነበር። ተክሉን ጠብቆ ያቆየውና ጥቅሙን አስቀድሞ ያወቀው የኢትዮጵያ ሕዝብ ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፍ የብዝሀ ሕይወት ክርክሮች በምሳሌነት ሲጠቀስ ኖሯል።

ዶክተር አክሊሉ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ ያገለገሉ ሲሆን፣ በኋላም በኢጣሊያ ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። በመጨረሻም ወደ ተማሩበት ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው በማስተማር ላይ እንዳሉ በሚያዝያ ወር 1997 በአሜሪካ አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ተሰይሞ ሥራውን ቀጥሏል።

ዛሬ የቢልሃርዝያ መከላከል በዋነኛነት የተመሠረተው ፕራዚኳንቴል በሚባለው መድኃኒት ላይ ነው። ኢትዮጵያም በ2015 ለትምህርት ዕድሜ ለደረሱ ሕፃናት መድኃኒቱን በዘመቻ የማደል አገራዊ ፕሮግራም ጀምራለች። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ይሁንና ታክሞ የዳነ ልጅ በነጋታው እዚያው ወንዝ ሲገባ ዳግም ከመያዝ አያድነውም። በዚህም ምክንያት መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውሃና ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን መሄድ እንዳለባቸው የዘርፉ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ዶክተር አክሊሉ በአድዋ የሠሩበት ሃሳብም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ለጎጃም ገጠር የቅርብ ነው። በመራዊ አካባቢ 7 ሺህ ሄክታር ለማልማት የተገነባው የቆጋ መስኖ ፕሮጀክት፣ በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ከየወንዙ የሚጠለፉ አነስተኛ መስኖዎች የገበሬውን ገቢ የሚያሳድጉ ሥራዎች ናቸው። በሌላ በኩል በዝግታ የሚፈስስ ቦይና የቆመ ውሃ ለቀንድ አውጣ መራቢያ የተመቸ በመሆኑ፣ መስኖ ሲስፋፋ የጤና ክትትሉም አብሮ መስፋፋት ይኖርበታል። የግብርና፣ የውሃና የጤና መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን ለየብቻ ካዘጋጁ የአንዱ ልማት የሌላው የበሽታ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

መንግሥት የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አርካቦትን በሚመለከት ያወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከተክሉና ከእውቀቱ በሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲኖረው ይደነግጋል። በእንዶድ የደረሰው ዓይነት ክርክር ወደፊት በሌሎች ዕፅዋት ላይ እንዳይደገም የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የሚቀረው ሕጉ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ መታወቁ፣ የአካባቢው ዕፅዋትና ከእነርሱ ጋር ያለው የሕዝብ እውቀትም ሳይጠፋ መመዝገቡ ነው።

እንዶድ ዛሬም በየአጥሩ ይበቅላል። ሳሙና በየሱቁ በመገኘቱ ግን የሚወቅጠው ሰው እያነሰ፣ የወጣቱ ትውልድ እውቀትም እየራቀ መጥቷል። ዶክተር አክሊሉ ከወንዝ ዳር እናቶች የተማሩትን ወደ ዓለም አደባባይ ያደረሱት በጥንቃቄ በማየትና ያዩትን በማስረጃ በማጽናት ነበር። ተክሉን በተመረጠ ዓይነት አባዝቶ፣ ጥራቱን አረጋግጦ፣ በመስኖ ቦዮችና በወንዞች ላይ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ለአገልግሎት ማዋል የጀመሩትን ሥራ ከግብ የሚያደርስ ተግባር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሬት፣ የሰው ኃይልና እውቀት በአገር ውስጥ አለ።